የሄር ሎሬንዝን ጫማ ማን አቃናው?

እታለማሁ ሰው ማመን የተወችው በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት ሰፈር፣ በቀይ ሽብር ዘመን አንድ ሰው ጣቱን ወደ ቤታቸው ቀሰረ፤ ፖስታ ቤት ጸሐፊ የነበሩት አባቷም ስምንት ወር ታሰሩ። «ወረቀት ይደብቃል» ተብሎ ነው የተጠቆመባቸው። ቤቱ ሲበረበር የተገኘው ወረቀት የእድር ደረሰኝና የእታለማሁ የትምህርት ቤት ካርድ ብቻ ነበር። ካርዱን የደበቀችውም እሷው ናት፤ ሒሳብ ወድቃ።

አባቷ ከእስር ወጥተው ጠቋሚው ማን እንደሆነ አላወቁም። እስኪሞቱም አላወቁም። በየማለዳው ጎረቤቱን ሁሉ ባርኔጣ አንስተው «እንደምን አደርክ» ይላሉ፤ ቤት ገብተው በሩ ሲዘጋ ደግሞ «ይሄ ይሆን እንዴ?» ይላሉ። ከዚያ ቤት የወጣች ልጅ ሰው ብትጠረጥር ማን ይፈርድባታል?

ሎንዶን ከገባች ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ጠርጣራነቷ ግን ገና ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ይመስላል። አርችዌይ ያለው ፍላቷ በር ላይ ሦስት ቁልፍ አለ። ሱፐርማርኬት ውስጥ «ራስህ ክፈል» የሚለውን ማሽን ጀርባ ሰጥታው አታውቅም። ባስ ላይ ካርዷን ስታስነካ ማሽኑ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ከጮኸ ሾፌሩን አፍጥጣ ታየዋለች። ባሏን ተክለአብን እንኳ ያገባችው ስለ እሱ ሦስት ሰው ጠይቃ ነው። የፈታችው ደግሞ አራተኛውን ሳትጠይቅ በመቅረቷ ነው።

ቢሮ ጠርጋለች፣ የልብስ ንጽህና ቤት ተኩሳለች፣ ሽማግሌ አጥባለች፣ አልብሳለች። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ጉልበቷ አሻፈረኝ አለና ኤጀንሲው ቁጭ ብለው የሚሠሩት ሥራ ሰጣት። ከፊንስበሪ ፓርክ ባቡር ጣቢያ አሥር ደቂቃ በእግር በሚያስኬድ መንገድ ላይ ባለች ጠባብ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጎብኚ ዕቃ እንዳይነካ መጠበቅ። ለሌላ ሰው ሥራ ይሆናል፤ ለእታለማሁ ግን ተሰጥኦዋ ነው። ሰው መጠርጠሯን ጥሩ ብሎ የከፈላት የመጀመሪያው አሠሪ ይኸው ሙዚየም ሆነ።

ቤቱ ኦገስት ሎሬንዝ የሚባል ጀርመናዊ ጫማ ሰፊ ቤት ነበር። ሰውየው በወጣትነቱ ከጀርመን መጥቶ፣ ታች ሱቅ፣ መሀል ወርክሾፕ፣ ላይ መኝታ አድርጎ፣ አምስት ልጅ አሳድጎበታል። የሰፈሩን እግር ሠላሳ ዓመት አጫምቷል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን ያ ጫማውን የሚያደርግ ሰፈር ሁሉ «ይሄ ሰውዬ በጫማ ሶል ውስጥ ለጀርመን ንጉሥ ደብዳቤ ይልካል» ማለት ጀመረ። መስኮቱ በድንጋይ ወረደ። ፖሊስ መጥቶ ከመደርደሪያው አንድ ቡትስ አነሳና ሶሉን በቢላ ሰነጠቀው። ውስጡ የተገኘው ቡሽና ቁራጭ ጨርቅ ነበር። ቢሆንም ሎሬንዝን ወስደው ከሰፈሩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ከሌሎች ጀርመኖች ጋር አሰሩት። ከዓመታት በኋላ ተፈትቶ መጣና እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ የእነዚያኑ ጎረቤቶች ጫማ መስፋቱን ቀጠለ። የልጅ ልጁ ስትሞት ቤቱን ከነወስፌው፣ ከነመዶሻው ለአንድ ድርጅት አወረሰችው።

ያ የተሰነጠቀ ቡትስ አሁንም አለ። ወርክሾፑ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሶሉ ወደ ጣሪያ ተገልብጦ፣ ስንጥቁ እንዲታይ መብራት በርቶለት። የሙዚየሙ ዓይን እሱ ነው።

እታለማሁ መጀመሪያ ቀን ታሪኩን ስትሰማ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ማን ነው የጠቆመው?»

«አይታወቅም» አለቻት ማናጀሯ ክሌር።

«አይታወቅማ!» አለች በአማርኛ፣ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሎሬንዝን እንደ ዘመድ ወደደችው። እንደ ዘመድም ስለሆነ ጠረጠረችው። ጎብኚ በሌለበት ሰዓት ስንጥቁን ጎንበስ ብላ እያየች «ቡሽ ብቻ?» ትለዋለች። «ለእኔ እንኳ ንገረኝ።»

ቤቱን የሚጠብቁት ሦስት የኤጀንሲ ሠራተኞች ናቸው። እሷ ወርክሾፑን ትይዛለች። ሳሚር፣ የሐረር ልጅ፣ አርባ አምስት ዓመት የሆነው፣ የአራት ልጆች አባት፣ በሩን ይይዛል። ሦስተኛው ጊዲዮን ነው፤ ጋናዊ፣ የቀድሞ ፖስተኛ፣ የታችኛውን ሱቅ ይይዛል ይባላል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ወንበሩ ነው እሱን የሚይዘው። ቁጭ ባለ በአምስት ደቂቃው አገጩ ደረቱን ይነካል።

በመስከረም መጀመሪያ ክሌር ሦስቱንም ሰበሰበችና አንድ ቋሚ ቦታ እንደተፈቀደ፣ እሱም ከሦስቱ ለአንዱ እንደሚሰጥ፣ የሌሎቹ ሁለቱ ኮንትራት በጥቅምት መጨረሻ እንደሚያበቃ ነገረቻቸው።

ፐርማነንት! እታለማሁ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ለሌላ ሰው ስትባል ነው የሰማችው። ጡረታ ሊወጣላት ሰባት ዓመት ይቀራታል። እነዚያን ሰባት ዓመታት እሑድ ማታ ኤጀንሲው «ነገ አትምጪ» የሚል ቴክስት ይልክብኝ ይሆን እያለች ስልክ ሳታይ ማሳለፍ ፈለገች። በቃ፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ጫማው መቃናት የጀመረው ይህ በተነገረ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ክሌር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑ ስትገባ ቡትሱ ቀጥ ብሎ፣ ሶሉ ጠረጴዛው ላይ አርፎ፣ እንደሚደረግ ጫማ ሆኖ ቆሟል። ጓንት አድርጋ ገለበጠችው። በማግስቱ ተቃንቶ ተገኘ። ገለበጠችው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ተቃና። ክሌር ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

«ይህ ቆዳ ከመቶ ዓመት በላይ ነው» አለቻቸው። «ባዶ እጅ ሲነካው ይበላሻል። ጎብኚ ከሆነ ጠባቂው የት ነበር? ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ቋሚ ቦታ ይቅርና ወሩን አይጨርስም።»

ጠባቂዋ እታለማሁ ናት። ስለዚህ ነገሩ በየትም ቢዞር ጫፉ እሷ ጋ ነው የሚደርሰው።

በዚያ ምሽት ሮማንወርቅ ደወለች። ሮማንወርቅ ስቶክዌል የምትኖር ጓደኛዋ ናት። ወሬ እሷ ጆሮ ከገባ ቪክቶሪያ ላይን ባቡር አይቀድመውም።

«እኔ የምልሽ» አለች ሮማንወርቅ፣ ሙሉውን ከሰማች በኋላ፣ «ሰውየው ራሱ ቢሆንስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ጀርመኑ! ጫማውን ሊያደርግ ፈልጎ። ጠበል ላምጣልሽ?»

«ጀርመን በአማርኛ ጠበል ይለቃል እንዴ? ተይ አታስቂኝ፣ እኔ ሥራዬ ሊሄድ ነው።»

«እንግዲያ ሰው ነው። ሰው ከሆነ ደግሞ አንቺን ሊያስነሳ የፈለገ ነው። ማን ነው ቦታዋን የሚፈልጋት?»

«ሁላችንም።»

«ያ እንቅልፋሙስ?»

«እሱ ፎቅ አይወጣም። ደረጃው ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል።»

«ቀረ አንድ» አለች ሮማንወርቅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ምንም አላልኩም።»

እታለማሁ በማግስቱ ሳሚርን በአዲስ ዓይን ታየው ጀመር። «እንዴት አደሩ እትዬ?» ሲላት፣ ዛሬ ለምንድን ነው የሳቀው አለች በልቧ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ እሷ ወደ ሠራተኞች ማረፊያ ስትወርድ፣ እሱ የመስገጃ ምንጣፉን ይዞ ሊሰግድ ወደ ወርክሾፑ ይወጣል። ጸጥ ያለ ነው፤ ቂብላውም ይስማማዋል። ክሌር ፈቅዳለታለች። አሥር ደቂቃ ብቻውን ከጫማው ጋር!

ሁለት ቀን ተከታተለችው። ከጸሎት በፊት ጫማው ተገልብጦ ነበር? ነበር መሰላት። ከጸሎት በኋላስ? ልታይ ስትወጣ የትምህርት ቤት ልጆች ደረጃውን ሞልተውት ሳታይ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ጫማው እንደገና ተቃና፤ እሷም የክሌርን ቢሮ አንኳኳች።

«እኔ በዓይኔ አላየሁም» አለች። «ግን በምሳ ሰዓት እዚያ ክፍል ሳሚር ብቻውን ነው።»

ይኸው ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር፤ ሁለቱም እውነት። በእንግሊዝኛ ስለነገረቻት ደግሞ ጠቋሚነት አልመሰላትም። በአማርኛ ቢሆን ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይቀረቀር ነበር፤ በእንግሊዝኛ ግን «ሐሳብ መስጠት» የሚባል ንጹሕ ስም አለው። ባስ ላይ ስትሳፈር ለራሷ «ሐሳብ ሰጠሁ» አለች። አርችዌይ ስትደርስም አለች። ሦስቱን ቁልፍ ቆልፋ ስትጨርስ ግን አላለችም።

በሳምንቱ ሳሚር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዞላት መጣ።

«እትዬ፣ የጽጌን ጾም እንደያዙ ሰምቼ ነው። የምስር ሳምቡሳ ነው። ዘይቱን እንኳ ሻጮቹን ጠይቄያለሁ፤ የጾም ነው።»

«ምን አስቸገረህ?»

«ምንም። አለፍ ስል ሸተተኝ።»

እታለማሁ ሳምቡሳውን ገልብጣ አየችው፤ ጠርዙን ቆንጥራ አሸተተችው። ለምን? ለምን ዛሬ? ሰው በባዶ ሜዳ ሳምቡሳ አይሰጥም። ያወቀባት መሰላት። ደግሞ ካወቀ የሚሰጣት ሳምቡሳ ነው ወይስ ሌላ? አራቱንም በላቻቸው።

ዓርብ ክሌር እሷንና ሳሚርን ቢሮዋ ጠራች። ጊዲዮን አልተጠራም፤ ተኝቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር ተከፍቷል።

«ለማንም ሳልነግር መደርደሪያው ላይ ትንሽ ካሜራ አድርጌ ነበር» አለች ክሌር። «ተመልከቱ።»

እታለማሁ ወንበሯን አስተካክላ ተቀመጠች። ሳሚርን በጎን አየችው፤ ፂሙን እያሻሸ ነው። አዘነችለት። ልጆቹ አራት ናቸው፤ ምስኪን።

ምስሉ ተጀመረ። ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል። አንዲት ጥቁር ሹራብ የለበሰች ወፍራም ሴትዮ በሩን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ስልክ በትከሻና በጆሮዋ መሀል ሰክታ ታወራለች። መስኮቱን አየች፣ ወንበሯን አየች፤ ወደ ጠረጴዛው እንኳ ሳትዞር እጇን ዘረጋችና ቡትሱን ላፍ አድርጋ አቃናችው። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ወጣች።

«ይቺ ደፋር ማናት?» አለች እታለማሁ።

ሳሚር ወደ ጥቁር ሹራቧ አየ። እሷም ወደ ሹራቧ አየች።

ክሌር ቀጣዩን ነካች። ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት። ሳሚር ሰግዶ ሲጨርስ ተነሣ፣ ምንጣፉን ጠቀለለ፣ ብብቱ ሥር ወሸቀ። በሩ ጋ ደርሶ የረሳው ነገር ያለ ይመስል አንድ እርምጃ ተመለሰና በሁለት ጣቱ ጫማውን ቀጥ አደረገው። ሐሙስ ደግሞ እታለማሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ክሌር ገልብጣው ከወጣች ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ሳሚር።

«እኔ አይደለሁም» አለ ሳሚር፣ ራሱን ስክሪኑ ላይ እያየ። «ማለቴ... እኔ ነኝ። ግን አላደረግኩም።»

«ለምን?» አለች ክሌር። እንደ ተቆጣ ሰው ሳይሆን የምር ሊያውቅ እንደፈለገ ሰው ነው የጠየቀችው። «ለምን ታደርጉታላችሁ?»

ሁለቱ ተያዩ። ተገልብጦ የተኛ ጫማ እንዴት ይተዋል? ይህ ይጠየቃል? የሳሚር እናት ሐረር ላይ ጫማ ሶሉን ለሰማይ ሰጥቶ ካዩ የገለበጠውን ልጅ ፈልገው በጥፊ ይሉታል፤ ፈጣሪን መድፈር ነው። እታለማሁ ቤት ደግሞ ጫማ ተገልብጦ ካደረ ጠብ ይገባል፤ እንግዳ እንኳ ቢሆን የሰው ጫማ በሩ ላይ ተገልብጦ ካየ በእግሩ አቃንቶት ነው የሚያልፈው። ማንም አያስብበትም። ዝንብ ሲመጣ እጅ እንደሚነሣው ነው።

«ጫማ አይገለበጥም» አለች እታለማሁ በእንግሊዝኛ።

«በፍጹም» አለ ሳሚር።

ክሌር ጽፋ ያዘች። አላመነቻቸውም፤ ማን ይፈርድባታል? ራሳቸውም ገና አላመኑም። እታለማሁ በሕይወቷ ያልጠረጠረችው አንድ ሰው ቢኖር ራሷን ነበር፤ እሱም ተያዘ።

ሰኞ ደብዳቤው መጣ። ቋሚው ቦታ ለጊዲዮን ተሰጠ። የሙዚየሙ ኃላፊዎች የጻፉት ምክንያት እንዲህ ይላል፦ በሁለት ዓመት አገልግሎቱ የትኛውንም ቅርስ ሳይነካ የቆየ ብቸኛ ሠራተኛ። ጊዲዮንን ቀስቅሰው ነገሩት።

የመጨረሻው ቀን ጫማው ላይ የመስታወት ሣጥን ተገጥሞ አገኙት። ሶሉ ወደ ላይ ነው። ሁለቱም ሲያልፉ እጃቸውን በላቸው፤ ሁለቱም እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ሲመሽ ፊንስበሪ ፓርክ ባስ ማቆሚያ ላይ አብረው ቆሙ። የእሷ ሁለት መቶ አሥር ቁጥር ነው። የሳሚር ቤት እዚያው ሰፈር ነው፤ ግን ሊሸኛት ቆመ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለ። «ጊዲዮንን እንዳያምኑት።»

«ምን አደረገ?»

«ክሌር ካሜራውን ያስገጠመችው ሰው ስሜን ስለነገራት ነው። ጠይቄያት አልካደችም፤ ማን እንደሆነ ግን አልናገርም አለች። ጊዲዮን ነው። ቦታው የደረሰው ማን ነው? እሱ! ተኝቶ ሳይሆን አድፍጦ ነው። ነገ ሄጄ ፊት ለፊት ነው የምነግረው።»

እታለማሁ መንገዱን አየች። ባሱ አይታይም። ዝም ብትል ነገሩ ያልቃል፤ ሥራው እንደሆነ ሄዷል፣ ከሳሚርም ጋር ዳግመኛ አይገናኙም። ጊዲዮን ይሸከመዋል፤ እሱ እንደሆነ ተኝቶም ይሸከማል። ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚሆን ግን ታውቃለች። አንድ ዝም ያለ ሰው አባቷን ሃያ ዓመት ባርኔጣ አስነሥቷቸዋል።

«ጊዲዮን አይደለም» አለች።

«እንዴት አወቁ?»

«እኔ ነኝ። ‹በምሳ ሰዓት ብቻውን ነው› ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ሳሚር አላያትም። ባሱ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሾፌሩ ጠበቃቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በሩ ተዘጋና ሄደ።

«መቼ ነው የነገሯት?» አለ በመጨረሻ።

«ሐሙስ። ካሜራው ከመቀመጡ በፊት።»

«እኔ በዋዜማው ረቡዕ ነው።»

«ምኑን?»

«‹እትዬ እታለማሁ ስታልፍ እጇ አያርፍም› ብያታለሁ። ሲያልፉ ሁሉን ነገር ያስተካክላሉ፤ መጋረጃ፣ ወንበር... ልጆች አሉኝ እትዬ። አፌ አመለጠኝ።»

እታለማሁ ቀስ ብላ ዞረች።

«አንተ!» አለች። «እና ሳምቡሳውን ያበላኸኝ...»

«ከዚያ በኋላ ነው። እንቅልፍ አጥቼ።»

«አራቱንም የበላሁት እኮ በጸጸት ነው!»

«የገዛሁትም በጸጸት ነው» አለ ሳሚር።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አጠገባቸው ባስ የምትጠብቅ አንዲት ፈረንጅ ግን ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ሳቁ ሲያልቅ ሁለቱም ደስ አላላቸውም። ሳሚር «አፉ በሉኝ» አለ፤ እሷም «አፉ በለኝ» አለች፤ ይቅርታው እንደ ዕዳ ተቻችሎ የሚቀር ነገር አልሆነም። ትንሽ ራቅ ብለው ቆሙ።

ስልኳ ጮኸ። ሮማንወርቅ ናት። እታለማሁ ስልኩን አየችው፣ ሳሚርን አየችው፣ ድምፁን ከፈት አድርጋ አነሣችው።

«እሺ፣ ታወቀ?» አለች ሮማንወርቅ፣ ሰላምታ ሳታባክን። «ካሜራ በባዶ ሜዳ አይገጠምም፤ ለሴትዮዋ ሄዶ የሰው ስም የሰጠው ማን ነው? እኔ እኮ ነግሬሻለሁ፤ ያ የሐረሩ...»

«እኔ ነኝ ሮማን።»

«ምን እኔ ነኝ?»

«ጠቋሚዋ። እኔ ነኝ የሰው ስም የሰጠሁት። ሰውየው ምንም አላደረገም፤ ያደረገውን እኔም አድርጌዋለሁ።»

ስቶክዌል ላይ የቴሌቪዥን ድምፅ ጠፋ። ሮማንወርቅ ወሬ ለመስማት ቴሌቪዥን ስታጠፋ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ለሰው እንዳልናገር ነው አይደል?» አለች ኋላ፣ ቅር ብሏት።

«ተናገሪ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ለሁሉም ንገሪያቸው። ‹አንዲት ሴትዮ› እንዳትዪ፤ እታለማሁ በይ።»

«በስመ አብ! አንቺ ልጅ ምን ነካሽ? ቆይ፣ ሌላስ የነገረ ሰው የለም? ብቻሽን ነሽ? አንድ ሌላ ሰው መኖር አለበት፤ ይሸተኛል።»

ሳሚር አስፋልቱን እያየ ነው። ሁለተኛው ሁለት መቶ አሥር መብራቱን አብርቶ ከማዞሪያው ብቅ አለ። እታለማሁ ካርዷን ከቦርሳዋ አወጣችና በሌላው እጇ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እሱን ከእኔ አፍ አታገኚውም» አለች። «አንዴ የሰው ስም አውጥቻለሁ፤ ይበቃኛል።»